ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ

መስከረም 22

ለውድ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ደጃፍዎ ሲደርስ እንዳይደክመው አጠር አድርጌ ልኬዋለሁ፤ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እማዬስ እንዴት ናት? እኔና ልጄ ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

እንደ ደንቡ ከዚህ በኋላ ስለ አየሩ መጻፍ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ጋሼ፣ ቤት ገዛሁ!

ገዛሁ ስል ፈረምኩ ማለቴ ነው። ሕንፃው ገና እየተሠራ ነው፤ ቁልፉን በሚያዝያ ይሰጡኛል። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ። ሁለት መኝታ ቤት አለው፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት የትምህርት ቤት ግቢ ይታያል። የልጄ አባት ጥሎን ከሄደ ጀምሮ ያጠራቀምኩትን በሙሉ ቀብድ ከፈልኩ። የቀረውን ባንኩ ይከፍልልኛል፤ እኔ ደግሞ ለባንኩ ሃያ ዓመት እከፍላለሁ። የፈረምኩት ወረቀት ብዛት! መጨረሻ ላይ የራሴ ስም እንግዳ ሆነብኝ። የባንኩ ልጅ ተነስቶ ሲጨብጠኝ የወለድኩ ያህል አለቀስኩ።

አለቃችን “አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር የሠራች ቋሚ ሠራተኛዬ ናት” ብሎ ለባንኩ ጻፈልኝ። እትዬ ሸክላን ያስታውሷታል አይደል? ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ያስተማረችኝ ሴትዮ፤ ሸክላውን እንደ እሷ የሚቀባ ስለሌለ ነው ስሙ የወጣላት። “በይ እንግዲህ፣ የሰው አፍ ስትሞዪ ኖረሽ አሁን የራስሽን ቤት ትሞያለሽ” አለችኝ።

ሁለተኛዋ ክፍል የእማዬ ናት። ይህን ጮክ ብለው ያንብቡላት። እርስዎ አይሰሙ፣ እሷ አታይ፤ ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣችኋል። በስልክማ እርስዎ “ምን አልሽ?” ሲሉኝ፣ እሷ “ደህና ነኝ” ስትለኝ ሰዓቱ ያልቃል፤ ደብዳቤ ይሻለናል።

ለግቢያችሁ አጥር ማሠሪያ በሚመጣው ወር እልካለሁ።

የእህትዎ ልጅ፣ ንቢት


ጥቅምት 19

ለልጄ ለንቢት፤

የያዝሽው ይጽናልሽ፣ ደጃፍሽ ከእንግዳ አይጉደል፣ ጣሪያሽ አያፍስስ፤ ይህ የእኔ ምርቃት ነው። የእናትሽ ምርቃት አራት ገጽ ስለሚፈጅ ወረቀቱ አይበቃኝም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። “ሁለተኛዋ ክፍል የእማዬ ናት” የሚለው ላይ ስደርስ “ጮክ በል እንጂ!” ትለኛለች። ደንቆሮው እኔ፣ ጩኸት የምትፈልገው እሷ። በማግሥቱ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን አሁን በስሟ አይጠራትም፤ “ባለ ፎቋ” ነው የሚላት። እሷም አትቆጣም፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ታልፋለች። መስኮቷ ፀሐይ ያገኛል ወይ ብላለች። ደረጃው መደገፊያ አለው ወይ ብላለች። ስትስል ጎረቤት ይሰማል ወይ ብላለች። መልሱን ጻፊላት፤ አለበለዚያ እኔን አታስቀምጠኝም።

እኔ ደግሞ የቀያሽ ጥያቄ አለኝ። ክፍሉ ስንት በስንት ነው? ወረቀት ላይ ያለውን አትመኚ፤ ሄደሽ በእግርሽ ለኪው። ሠላሳ ዓመት መሬት ስለካ የገባኝ ነገር ቢኖር ወረቀት እንደሚዋሽ ነው።

ደስታሽን ለማደፍረስ እንዳይመስልሽ፤ ሃያ ዓመት ግን ረዥም ነው። ቤቱ የጸና ይሁን። ሥራሽስ?

አጥሩ ወደ ጎረቤት አጋድሏል፤ ቢሆንም ይህን ያህል አያስቸኩልም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 27

ለጋሼ፤

ጤናዎንና የእማዬን ጤና እየተመኘሁ ከረምኩ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዛብኝ።

እንዳሉኝ ለካሁት። ዘበኛው መጀመሪያ “የግንበኛ ቆብ የሌለው አይገባም” ብሎ መልሶኝ ነበር፤ አሁን ቆቡን ራሱ ያውሰኛል። የእማዬ ክፍል በእኔ እግር ስድስት ርምጃ በአምስት ነው። ወረቀቱ ላይ ካለው በግማሽ ርምጃ ያንሳል፤ ልክ ነዎት። ፀሐይ እስከ አምስት ሰዓት ታገኛለች። ደረጃው የብረት መደገፊያ አለው፤ ገና አልተቀባም፣ እጅ ያቆሽሻል።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤት መሄድ ትቻለሁ። እግሬ ወደዚያ ይወስደኛል። ትናንት የመስኮቶቹን መስታወት ሲገጥሙ ቆሜ አየሁ፤ ከትናንት ወዲያ የወለሉን ንጣፍ ሲያወርዱ ቆጠርኩ። ዘበኛው “ኢንጂነሯ መጣች” ይለኛል። “እህቴ፣ ሕንፃው አይሄድም እኮ፤ ለምን አትቀመጪም?” አለኝ አንድ ቀን። መቀመጥማ አቃተኝ። ቤት ስገባም ሳህን አጥባለሁ፤ የታጠበውን ደግሜ አጥባለሁ። ልጄ “እማ፣ ይሄ ሳህን ሊሟሟ ነው” ትለኛለች።

እሷ ግድግዳዋን አረንጓዴ ለማድረግ ወስናለች። አሁን ያለንበትን ቤት አከራይ በሚያዝያ እንደምንለቅ ነግሬዋለሁ፤ ከአሁኑ ሰው እያመጣ ያሳያል። ሰዎቹ ቁምሳጥናችንን ሳይቀር ከፍተው ያያሉ።

ሥራ ቦታ አዲስ ማሽን ገብቷል፤ እያየነው ነው።

የአጥሩ ገንዘብ በዚህ ወር አልሞላልኝም፤ በሚመጣው እሞክራለሁ። ደግሞ እማዬ ዕቃዋን መስጠት እንዳትጀምር ይንገሩልኝ። ገና ነው። ባንኩም ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ወረቀት ይፈልጋል፤ ቀላል ነገር ነው።

ንቢት


ጥር 14

ለንቢት፤

ሰላምሽ ይብዛ። ልጅሽን ሳሚልኝ፤ አረንጓዴ ለዓይን ጥሩ ነው በያት።

አራት ገጽ ጻፍሽልኝ። ስለ ሕንፃው ሁለት ገጽ፣ ስለ ዘበኛው ግማሽ፣ ስለ ሳህን ጥቂት። ስለ ጥርስ ግን ምንም የለም። ድሮ “ጋሼ፣ ዛሬ የአንድ አስተማሪ የፊት ጥርስ ሠራሁ፤ ከዓመታት በኋላ እጁን ከአፉ ላይ አንስቶ ሳቀ” እያልሽ ትጽፊልኝ ነበር። አሁን “ማሽን ገብቷል፤ እያየነው ነው” አልሽ። ማሽኑስ እናንተን እንዴት ያያችኋል?

“ቀላል ነገር ነው” ያልሽውንም አይቼዋለሁ። አንቺ ቀላል ነገርን ቀላል ነው ብለሽ አታውቂም፤ ዝም ብለሽ ትሠሪዋለሽ እንጂ።

ይህን ለእናትሽ አላነበብኩላትም፤ ዘለልኩት። ሳነብ የምዘልለው ነገር እንዳለ ግን ታውቃለች። “ገጹን ገለበጥክ፣ ድምፅህ ግን አልገለበጠም” አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ፤ ብቻ ጠርጥራለች።

የዕቃው ነገር ዘግይቷል። ቁምሳጥኗን ለልብስ ሰፊው ሚስት ሰጠች። “ሦስተኛ ፎቅ ማን ተሸክሞ ያወጣልኛል?” ነው ነገሩ። ቆይ ብያት ነበር። “አንተ መቼ ትሰማለህ!” ብላኝ ሄደች። እስቲ አሁን የማይሰማው ማነው? ልብሷ በካርቶን ውስጥ ነው ያለው፤ መንገደኛ መስላለች።

አጥሩን በሦስት አጣና ደግፌዋለሁ። ገንዘብ አትላኪ። እውነቱን ላኪልኝ፤ ፖስታው አይከብድም።

አጎትሽ


የካቲት 9

ለጋሼ፤

ጤናዎ እንደምነው? ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ውስጥ መግባት አቃተኝና መሥሪያ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞርኩት።

እሺ፣ እውነቱ ይኸው። ማሽኑ የጽሕፈት ጠረጴዛ ያህላል። የበሽተኛውን አፍ ፎቶ ይሰጡታል፤ እኔ ግማሽ ቀን የምፈጅበትን ጥርስ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ፈልፍሎ ያወጣል። አይደክመውም፣ አያስለውም፣ ልጄ ታማለች አይልም። የማይችለው ነገር አንድ ነው፤ ቀለሙን መቀባት። የሰው ጥርስ ነጭ አይደለም ጋሼ፤ ሥሩ ላይ ሌላ፣ ጫፉ ላይ ሌላ ነው። ያ በብሩሽ፣ በእጅ ነው የሚሠራው።

ስምንት ነበርን። በታኅሣሥ መጨረሻ አለቃችን ሰበሰበንና “ማሽኑን በብድር ነው ያመጣሁት፤ እኔም የምከፍለው አለብኝ” አለን። ፊቱን ሳየው ያሳዝናል፤ እሱም እንደኔ ነው። ሦስቱን ያን ቀን አሰናበተ። በጥር ሦስት ጨመረ። የብሩሹ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወንበር ቀረ። ከዚያ “ለዚህ ሥራ አንድ ሰው ይበቃል” አለ። ወንበሩ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አይጨነቁ፤ ሥራ አለኝ። ግን እስከ መቼ? ዛሬ ቀለሙን የማይችል ማሽን ነገ ይችላል። ባንኩ በሚያዝያ “አሁንም ቋሚ ሠራተኛ ናት ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። አይደለችም ከተባለ ውሉ ይፈርሳል፤ ከቀብዱም ይቆረጣል። ከተፈረመ በኋላ ሥራው ቢሄድስ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ፤ እኔ ደግሞ ሳይጨንቀኝ አግብቼ ነው አሁን የጨነቀኝ።

ጋሼ፣ ይህን ስጽፍ ፊቴ እየነደደ ነው። የእማዬ የጓሮ መሬት ቢሸጥ ምን ይመስልዎታል? ለመጠባበቂያ ያህል ነው፤ አንድ ዓመት ብወድቅ እንኳ የሚይዘኝ ነገር እንዲኖር። አጥር አሠራለሁ ብዬ የነበርኩት ሴት ዞሬ መሬት ስጠይቅ! ለእማዬ ምክንያቱን አይንገሯት።

ንቢት


መጋቢት 20

ለልጄ፤

እንደ ጠበቅሽኝ አውቃለሁ። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኩ። ይህኛው ሦስተኛው ነው።

መጀመሪያ የመሬቱን ነገር። እናትሽን የራሴ ሐሳብ አስመስዬ ጠየቅኋት። “ልጄ ከፈለገችው ከነሥሩ ይሸጥ። አንተ ከፈለግኸው ግን አንድ ክንድ አልሰጥም” አለች። ከዚያ ቀና ብላ “የትኛችሁ ናችሁ የፈለጋችሁት?” አለችኝ። ስምሽን አላነሳሁም። ስለዚህ መሬቱ አለ፤ አንድ ቃል ይበቃሻል።

አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁለት ወንበር ቀረ፣ ከዚያ አንድ ቀረ፣ እሱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ አልሽ። ሌላኛው ወንበር ላይ የነበረችው ማን ናት? ወንበሩን ጻፍሽው፤ ሴትዮዋን ግን አልጻፍሻትም። አሥራ አንድ ዓመት ስለ እትዬ ሸክላ ስትጽፊልኝ ኖረሽ በዚህ ደብዳቤ ስሟ ጠፋ።

ምንም አድርገሻል አልልም። ፍርሃት ሰውን ምን እንደሚያሠራ ስለማውቅ ብቻ፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ልንገርሽ።

ይህን የምኖርበትን ቤት የጀመርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ቆርቆሮውን በደሞዜ ዋስትና ወስጄ ገና ግማሹን እንኳ አልከፈልኩም ነበር። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ጠራኝና አንድ የድንበር ችካል ስድስት ርምጃ ወዲያ እንዳደርገው አዘዘኝ፤ የዘመዱ መሬት እንዲሰፋ። “አይሆንም” ለማለት አፌን ስከፍት “ቀያሽ ሞልቷል” አለኝ። ቆርቆሮው ታወሰኝ። አፌን ዘጋሁ።

ስድስቱ ርምጃ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበር። ሽንኩርት ተክላበታለች። ችካሉን ስተክል አጠገቤ ቆማ ታየኛለች፤ በእጇ የነቀለችው ሽንኩርት አለ። “ልጄ፣ ባለፈው ስትለካ እዚያ ጋ አልነበረም?” አለችኝ። “ካርታው ነው እናቴ” አልኳት። አመነችኝ። የባሰው እሱ ነው፤ አመነችኝ። ለመንገዴም ከሽንኩርቱ ሰጠችኝ።

ሄጄ እነግራታለሁ ስል ዓመት ሄደ። ኃላፊው ሲሻር እነግራታለሁ አልኩ፤ ተሻረ። ጡረታ ስወጣ አልኩ፤ ከመውጣቴ በፊት ሞተች። ልጆቿ መሬቱን ሸጠው ተበትነዋል። ሥራዬ አልተነካም፣ ጣሪያዬም ተከፈለ። ግን ንቢት፣ ከዚያ በኋላ የለካሁትን መሬት ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው የለካሁት፤ ራሴን ስላላመንኩት።

ያንቺ ሰው በሕይወት ካለች፣ በሯም ሩቅ ካልሆነ፣ የእኔን ዓመታት አትድገሚ። ጥፋት ከሌለብሽ ደግሞ ይህን የሽማግሌ ወሬ ብለሽ ተይው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 11

ጋሼ፤

ሰላምታውን ዛሬ ይለፉልኝ።

ልክ ነዎት፣ ሌላኛው ወንበር የእትዬ ሸክላ ነበር። በጥር መጨረሻ አለቃዬ ጠራኝ። በሩን ዘጋና “እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ እጅ አላውቅም። የሁለታችሁን እጅ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ማንን ላስቀር?” አለኝ። “እኔ አልፈርድም” ብል ምን ነበረበት? ግን ባንኩ፣ ሃያው ዓመት፣ የእማዬ መስኮት ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ተደቀኑ። “ጠዋት ጠዋት እጇ ይንቀጠቀጣል” አልኩ።

ውሸት አይደለም። ይንቀጠቀጣል። ሙቅ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ስታቆየው ግን ይቆማል፤ ከዚያ እስከ ማታ እንደ እሷ ያለ እጅ የለም። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ አልተናገርኩም። ዋጥኩት።

በሳምንቱ አሰናበታት። ዕቃዋን ስትሰበስብ ቀጭኑን ብሩሿን ለእኔ ሰጠችኝ። “ፀጉሩ አልሳሳም፤ ገና ይሠራል” አለችኝ። ተቀበልኳት። በዚያ ብሩሽ ሁለት ወር ሠራሁ ጋሼ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ እሑድ ቤቷ ሄድኩ። ልብስ ስታጣጥፍ አገኘኋት። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ በሩ ሲከፈት ጠፋኝና “ስለ እጅሽ የተናገርኩት እኔ ነኝ” አልኩ። ማጠፏን አላቆመችም።

“አውቃለሁ” አለችኝ። “እጄን ጠዋት ያየ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ከሰው ሁሉ ቀድመን የምንገባው እኔና አንቺ ነበርን።”

“ታዲያ ብሩሹን ለምን ሰጠሽኝ?”

“እንድትሠሪበት። ብሩሹ ምን አጠፋ?”

ማልቀስ ጀመርኩ። “ተይ፣ እዚህ አይደለም” አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ልብሱ እንዳይረጥብባት ያህል። ከዚያ “ቤቱ ደረሰ?” አለች። “ደርሷል።” “ግቢበት እንግዲህ” ብላ ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት የመመለሻ መዝገቡን ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ፤ ሐኪሞች “አልገጠመም” ብለው የሚመልሱት ጥርስ የሚጻፍበት ነው። ባለፈው ዓመት የእሷ አራት ተመልሷል፤ የእኔ አሥራ አንድ። “ያን ጊዜ ግማሹን ነገርኩህ፤ ሌላው ግማሽ ይኸው” አልኩት።

መዝገቡን ገለባበጠና “ታዲያ አንቺን ላስወጣ ነው?” አለኝ።

“ሥራውን ለሁለት ክፈለው። ጠዋት እኔ ልሥራ፤ ከሰዓት በኋላ እሷ፣ እጇ በሞቀበት ሰዓት። ለአንተ ወጪው ያው ነው።”

“ለባንኩስ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?”

“ያለውን።”

መዝገቡን ዘጋው። “አንቺ ሴትዮ፣ ቤት እንደገዛሽ ረስተሻል?” አለኝ። እንዴት እረሳለሁ! በመጨረሻ እሺ አለና ለእትዬ ሸክላ መልእክት ላከ። እሷ እስከ ሐሙስ አልመለሰችም፤ ሐሙስ “እመጣለሁ” ብላ ላከች። ለእኔ አይደለም፤ ለእሱ።

የባንኩን መልስ እጠብቃለሁ። መሬቱን አይሽጡ።

ንቢት


ግንቦት 16

ለልጄ ለንቢት፤

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ጉልበት ይስጥሽ።

ይህኛውን ደብዳቤ ሳልዘልል ለእናትሽ አነበብኩላት። ያለፉትንም አወጣሁና የዘለልኩትን ሁሉ አነበብኩ፤ የእኔንም ጉድ፣ የሽንኩርቱን፣ ነገርኳት። ለቤቱ ታዝናለች ብዬ ነበር። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። “ያስተማረቻትን ሴት?” አለች። “ያስተማረቻትን?” ከዚያ ሁለት ቀን ከእኔም ጋር አልተነጋገረችም፤ ደብዳቤ ላንብብ ስላት ፊቷን ታዞራለች። ልብስ ሰፊው “ባለ ፎቋ፣ መቼ ነው ጉዞው?” ሲላት “ፎቁ ወርዷል” አለችው።

በሦስተኛው ቀን “ብዕር አምጣ” አለችኝ። ቃል በቃል ይኸው፦

“ሴትዮዋ ካላናገረችሽ አትለማመጪያት። ይቅርታ እንደ ወጥ አይጨለፍም። በሰዓትሽ ግቢ፣ በሰዓትሽ ውጪ፣ የምትቀመጥበትን ጠርገሽ ተዪላት። እኔ ካርቶኔን ፈትቻለሁ። ልጅቱን በክረምት ላኪልኝ፤ እዚህም አረንጓዴ አለ። መሬቱን ደግሞ አንቺ ባትፈልጊውም አጎትሽ ይለካዋል፤ ሥራ ፈትቶ ነገር እየፈለገ ነው።”

ይኸው ነው። እኔም ዛሬ ጓሮውን ለካሁት። አንድ ጊዜ ብቻ።

አጎትሽ


ሐምሌ 3

ለጋሼና ለእማዬ፤

ሁለታችሁንም ባንድ ላይ ሰላም እላለሁ፤ ከእንግዲህ ለየብቻ የምጽፈው የለኝምና።

ባንኩ እንደፈራሁት አልተቀበለም። የግማሽ ቀን ደሞዝ ለዚያ ቤት አይበቃም። ውሉ ለሌሎች ተላለፈ፤ ከቀብዱ ሩብ ያህሉ ቀረ፣ ሌላው ተመለሰልኝ። ወረቀቱን ለመፈረም ስሄድ አዲሶቹ ገዢዎች እዚያ ነበሩ፤ ገና የተጋቡ ልጆች ናቸው። ሚስትየዋ ቤቱን ከእኔ ጋር ማየት እፈልጋለሁ አለች። ወጣን። የወጥ ቤቱ መስኮት ትንሽ ከፍ ካላደረጉት እንደማይዘጋ አሳየኋት፤ ፀሐይዋም እስከ አምስት ሰዓት እንደምትቆይ ነገርኳት። ባሏ “ሥራዬ አስተማማኝ ነው” እያለ ሳልጠይቀው ይነግረኛል። “ያድርግልህ” አልኩት፤ ከልቤ። ስወርድ ዘበኛው “ቆቡን ለነገ ላስቀምጥልሽ?” አለኝ፤ “ጨርሻለሁ” አልኩት።

አከራያችን እንድንቆይ ፈቅዷል፤ ኪራዩን ግን ጨመረ። ከሰዓት በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ የጥርስ ሐኪም ጋ መሣሪያዎቹን ከጀርም ለማጽዳት እቀቅላለሁ። አሁንም ቤት ስገባ አልቀመጥም፤ አለቃችን በሳለ ቁጥር እደነግጣለሁ። እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ልጄ የኪራይ ቤቱን ግድግዳ አረንጓዴ ቀባችው፤ አከራዩ ገና አላየም።

እትዬ ሸክላ ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ቃል በቀር አላነጋገረችኝም። ስድስት ሰዓት ላይ ትመጣለች፣ እነሳለሁ፣ ወንበሩን ጠርጌ እሄዳለሁ። “ምድጃ ውስጥ ሦስት ጥርስ አለ” እላለሁ። “እሺ” ትላለች። እማዬ እንዳለችኝ አልተለማመጥኳትም፤ ከባድ ነበር።

ዛሬ አንድ አስቸጋሪ ጥርስ ገጠመኝ፤ የአንዲት አዛውንት የፊት ጥርስ። ሦስት ጊዜ ቀባሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ተጣላ። ስድስት ሰዓት መሙላቱን አላየሁም። ከኋላዬ ቆማ ነበር። ልነሳ ስል ሌላ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። “ጫፉ ላይ ሰማያዊ በዝቶበታል፤ አጥበሽ እንደገና” አለችኝ። አብረን ሠራነውና ምድጃ አስገባነው። እስኪወጣ ይህን እጽፋለሁ።

“ለማን ነው?” አለችኝ አሁን።

“ለአጎቴና ለእናቴ።”

“ስለ እኔ ጽፈሽላቸዋል?”

“አዎ።”

“እጇ ይንቀጠቀጣል ብለሽ?”

ብዕሬን አቆምኩ። “አዎ” አልኩ።

እጇን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ፣ ደብዳቤው አጠገብ አሳረፈችው። ተመለከተችው፤ እኔም ተመለከትኩት።

“ከሰዓት አይንቀጠቀጥም ብለሽ ጻፊ።”

ጻፍኩ።

ንቢት